የአጎቴ ስኔር ድራም፦ የትኛው ዕቃ የራሱ ነው፣ የትኛው በኋላ የተገጠመ?

የጦሳ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከደሴ ነው የምጽፈው። አጎቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በወጣትነታቸው ባንድ ውስጥ ድራም ይመቱ ነበር። ስኔራቸው፣ ከሥሩ ሽቦ የተወጠረበት ድራማቸው፣ አሁን እኔ እጅ ገብቷል። የአሜሪካው ሉድዊግ ነው፤ ስፋቱ 14 ኢንች፣ ቁመቱ 5 ኢንች፣ ዙሪያውን 8 ላግ (ብሎኖቹ የሚገቡበት የብረት መያዣ) አለው። ብዙ ዓመት አልጋ ሥር ነው የኖረው። ላድሰው ነው፤ ግን የተገኘውን ዕቃ ገጥሜበት አይደለም። እያንዳንዱ ብሎን የዘመኑ እንዲሆን እፈልጋለሁ።

ግራ የገባኝ ይኸውላችሁ። የሳጥኑ ክዳን ውስጥ በአጎቴ እጅ ጽሑፍ «አስመራ፣ ጥር 1963» ይላል። ሳነብ ደግሞ ሉድዊግ ባጁ (ገላው ላይ የሚለጠፈው የስም ሰሌዳ) ላይ ተራ ቁጥር መምታት የጀመረው በ1963 መጨረሻ ነው። የእኔ ባጅ ቁጥር አለው። ስለዚህ ከሌላ ድራም ተነቅሎ የተለጠፈ መሰለኝ። ክሮሙም ለቆ ገላው ፈዛዛ ግራጫ ሆኗል፤ ማግኔት አይዘውም። የሥሩን ሽቦ የሚያጠብቀው ስትሬነር የቅርብ ጊዜ ዕቃ ነው፤ አጠገቡ ትርፍ ቀዳዳዎች አሉ። ከ16ቱ ብሎኖች 3ቱ ጭንቅላታቸው ከሌሎቹ ይለያል።

ኮምቦልቻ ወስጄ ክሮም ላስነክረው፣ ባጁንም ቁጥር በሌለው ልቀይረው አስቤያለሁ። ምን ትላላችሁ?

የድሮ ባንድ፦
ልጄ፣ እባክህ ሁለቱንም እንዳታደርግ።

አጎትህ «ጥር» ብለው ነው የጻፉት። ጥር 1963 የእኛ አቆጣጠር ነው፤ በፈረንጁ 1971 መጀመሪያ ላይ ይውላል። አንተ ያነበብከው 1963 የፈረንጁ ነው። ድራሙ አስመራ ላይ ሲገዛ ያገለገለ ነበር ማለት ነው። ያኔ አሜሪካኖቹ ቃኘው ጣቢያ፣ አስመራ ባለው የጦር ሰፈራቸው፣ ነበሩ፤ ከዚያ የወጣ ሊሆን ይችላል። የባጁን ቅርጽ እየው። ከላይ ሰፋ፣ ከታች ጠበብ ያለ ከሆነ እስከ 1969 እ.ኤ.አ. ገደማ ሲለጠፍ የነበረው ነው። ቁጥርም ስላለው ድራምህ ከ1963 መጨረሻ እስከ 1969 ባለው ጊዜ ተሠርቷል። ባጁን የያዘችው መሐሏ ቀዳዳ የሆነች ቀለበት ናት፤ አየሩም በእሷ ነው የሚወጣው። ጠርዟ ካልተጨፈለቀና ካልተቧጨረ ማንም አልነቀላትም።

ክሮም ያልከው ደግሞ፣ ይሄ ድራም ከመጀመሪያውም ክሮም አልነበረውም። 8 ላግ ያለው፣ ገላው ፈዛዛ፣ ማግኔት የማይዘው ሉድዊግ አክሮላይት ነው። ገላው አልሙኒየም ነው። ለተማሪ ተብሎ የወጣ ርካሽ ድራም ነበር፤ ድምፁ ግን ደረቅና ጥርት ያለ ነው፣ እኔ እጅግ እወደዋለሁ። የሚያብለጨልጨው ባለ 10 ላግ ወንድሙ ሱፕራፎኒክ ነው። አልሙኒየም ላይ የተነከረ ክሮም ደግሞ እየቆየ ይፈነቀላል፤ የሱፕራፎኒክ ባለቤቶች ሁሉ የሚያዝኑበት ነገር ነው። የአንተን በለስላሳ ጨርቅና በሳሙና ውኃ ብቻ እጠበው። የብረት መወልወያ አታስነካው።

ስትሬነሩ መቀየሩ አይገርመኝም። የወሎ ዘፈን ሲመጣ፣ ባቲም ይሁን አምባሰል፣ ሽቦውን እናላላለን። ያኔ ስኔሩ ወደ ከበሮ ይጠጋል። ዘፈኑ ሲቀየር መልሰን እናጠብቃለን። በአንድ ሌሊት ሃያ ሠላሳ ጊዜ! ቶሎ የሚያልቀው እሱ ነው። ፒ83 እና ፒ85 የሚባሉትን የሉድዊግ ስትሬነሮች ፎቶ ፈልግ። ከዚያ አሁን ያለውን ፍታና አሮጌው ገላው ላይ የተወውን ጥላ ከፎቶዎቹ ጋር አስተያይ። አዲስ ቀዳዳ ግን በፍጹም እንዳትበሳ።

ቶርኖ ቤት፦
አብሽር ወንድሜ፣ ብሎኑን ለእኔ ተወው። ኮምቦልቻ ነው የምሠራው፤ ሙዚቃ አላውቅም፣ ጥርስ ግን አውቃለሁ።

የሉድዊግ ብሎን 12-24 ይባላል። ውፍረቱ 5.5 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ በአንድ ኢንች 24 ጥርስ አለው። ሱቅ ሄደህ የምታገኘው ኤም6 ግን 6 ሚሊሜትር ነው። የጥርሳቸው ርቀት ለዓይን አንድ ይመስላል፣ 1 ሚሊሜትርና 1.06። ስለዚህ ኤም6 ጫፉ ትንሽ ይይዝና ይቆማል። ሰው ዝገት ነው ብሎ በቁልፍ ያስገድደዋል። ላጉ ውስጥ ያለው ዳዶ የሚበላው ያኔ ነው። ሦስቱን ብሎኖች በካሊፐር ለካቸው፤ 6 ከሆኑ ጥፋተኞቹ እነሱ ናቸው።

ደስ የሚለው ዳዶው ከላጉ ጋር አንድ አካል አይደለም። ለብቻው ነው፣ ውስጥ በሞላ ተይዞ የተቀመጠ። ስለዚህ ላጉን ሳትጥል ዳዶውን ብቻ ትቀይራለህ። «በኤም6 ጥርስ ላውጣልህ» የሚል ባለሙያ ካጋጠመህ ዕቃህን ይዘህ ውጣ። ደህናውን ብሎን አንድ ይዘህልኝ ና፣ ዳዶውን ከነሐስ አወጣልሃለሁ።

የጦሳ ልጅ፦
ጋሼ፣ ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ፈታሁት።

ባጁ እንዳሉት ከታች ጠበብ ያለ ነው። ቀለበቷ ላይ አንድ ጭረት የለም። ስትሬነሩን ሳነሳ ከሥሩ ገላው ነጣ ብሎ የአሮጌው ቅርጽ ቁልጭ ብሎ ታየ። ከውስጥ በጣቴ ዳሰስኩት። ሁለቱ ቀዳዳዎች ጠርዛቸው ልስልስ ነው፤ ሌሎቹ ሁለቱ ግን ጣት ይቧጭራሉ። ልስልሶቹ የፋብሪካው ይመስሉኛል። ጥላው ከፒ83 ፎቶ ጋር ገጠመ።

ሦስቱ ብሎኖች ተለኩ፣ 6 ሚሊሜትር ናቸው። አንዱ ዳዶ ጥርሱ ሙልጭ ብሏል፤ ሁለቱ በትንሹ ነው የተነኩት። የአንዱ ላግ ሞላ ዝጎ ስነካው ተሰበረ።

ለእናቴ ሽቦውን ስለማላላት የተጻፈውን አነበብኩላት። አጎቴ ሰርግ ላይ በግራ እጃቸው ጎንበስ ብለው እጀታዋን «ቀጭ» ሲያደርጓት ታስታውሳለች። ድምፁ ሲቀየር ሴቶቹ እልል ይሉ ነበር አለች።

ቅዳሜ አንድ ደህና ብሎን ይዤ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ። ፒ83 ግን እስካሁን አላገኘሁም። ሞላው የደከመ፣ እጀታው የተጣመመም ቢሆን ዕቃ ቤቱ ያለው ሰው ይጻፍልኝ፤ እገዛዋለሁ።