ማሽኑ ሳይቆም የጋለ ተርሚናል ማጥበቅ ይቻላል?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በ400 ቮልት የሚሠራ የሞተር መቆጣጠሪያ ፓነል አለን። ከዋናው ብሬከር በታች ካሉት ተርሚናሎች (የሽቦ ማሰሪያዎች) የመካከለኛው ፌዝ (ኃይል ከሚያመጡት ሦስት ሽቦዎች አንዱ) ክፉኛ ይግላል፤ የሽቦው ፕላስቲክም ጠቁሯል። አለቃዬ ምርት ስለማይቋረጥ ጓንት አድርገህ አጥብቀው ይለኛል። 1000 ቮልት የሚል ምልክት ያለው ካቻቢቴ አለኝ። ይበቃኛል?

መልስ (የጥገና ሰው)፦
አይበቃህም፣ ወንድሜ። የካቻቢቴው ሽፋን እጅህን ይጠብቃል፤ ጫፉ ግን ራቁቱን ነው። ቢያመልጥህና ከጎኑ ያለውን ፌዝ ቢነካ ብልጭታው መዳብ ያቀልጣል፣ ያም ፊትህ ላይ ይረጫል። የላላው ሽቦ ጭነት እንደያዘ ከመያዣው ቢወጣም ውጤቱ ያው ነው።

ለአለቃህ ግን ይህን ንገረው፦ የጠቆረ ሽቦ በማጥበቅ አይድንም። የተቃጠለው ጫፍ ተቆርጦ፣ ንጹሕ መዳብ እስኪታይ ተልጦ እንደገና መታሰር አለበት፤ ተርሚናሉም ተበላሽቶ ከሆነ ይቀየራል። ይህንን ኃይል እያለ የሚሠራ ሰው አላውቅም፣ ማወቅም አልፈልግም። እስከዚያው ጭነቱን ቀንሱ፣ በክላምፕ ሜትር (ሽቦውን ከውጭ አቅፎ አምፔር በሚለካው መሣሪያ) የሦስቱን ፌዞች አምፔር አነጻጽር። ኃይል ባለበት ፓነል ላይ የሚፈቀድልህ መለካት ነው፤ እሱም የፊት መከላከያ አድርገህ፣ ቀለበትና ሰዓት አውልቀህ፣ ሌላ ሰው አጠገብህ ቆሞ።

መልስ (ሌላ አባል)፦
ጎማ ላይ ቆሞ በአንድ እጅ መሥራት እኮ የተለመደ ነው። 30 ሚሊአምፔር የፍሳሽ መከላከያ (ኃይል ወደ መሬት ሲፈስስ የሚያቋርጥ) ካለ ደግሞ ምን ያሰጋል?

መልስ (የጥገና ሰው)፦
የተለመደ መሆኑ ነው የሚያሰጋው። ጎማው ከመሬት ይለይሃል እንጂ ከሌላው ፌዝ አይለይህም። ያ መከላከያም ወደ መሬት የሚፈስሰውን ብቻ ነው የሚያየው፤ በሁለት ፌዞች መካከል ከገባህ አንተንም እንደ ሞተሩ ጭነት ነው የሚቆጥርህ።

ጠያቂ፦
ለቅዳሜ ማታ ማቆሚያ ተፈቅዶልኛል። ኃይል መጥፋቱን በመብራት ካቻቢቴ ላረጋግጥ?

መልስ (የጥገና ሰው)፦
በጭራሽ። እሷ የምትበራው በሰውነትህ በኩል ስለሆነ ደረቅ ጎማ ላይ ከቆምክ ኃይል እያለም ላትበራ ትችላለች። ሁለት ጫፍ ያለው ቴስተር ተጠቀም። መጀመሪያ ኃይል እንዳለው በምታውቀው ቦታ ሞክረው፣ ከዚያ ፌዞቹን እርስ በርስ፣ ከኒውትራልና ከመሬት ጋር ለካ፤ ሲያበቃ ወደ መጀመሪያው ቦታ ተመልሰህ ቴስተሩ አሁንም እንደሚሠራ እይ። ብሬከሩን ቆልፈህ ቁልፉን ኪስህ ክተት። ልብ በል፦ ብሬከሩን ስታጠፋ የታችኛው ተርሚናል ይሞታል፤ የላይኛው ግን ኃይል እንዳለው ነው። ከላይ ያለውን ማቋረጫ ማጥፋት ካልቻልክ ቢያንስ በመከላከያ ሸፍነው። ፓነሉ ውስጥ ኢንቨርተር (የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ) ካለ ካፓሲተሮቹ (ኃይል የሚያጠራቅሙት ክፍሎች) እስኪራገፉ ሽፋኑ ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ጠብቅ።

ጠያቂ፦
እሺ። ምን ያህል ላጥብቀው?

መልስ (የጥገና ሰው)፦
ልኩ ብሬከሩ ላይ ወይም መመሪያው ውስጥ በኒውተን ሜትር ተጽፏል። በክንድህ አትገምት፤ መለኪያ ያለው ማጥበቂያ ተዋስ።