«ቁጥር አንዴ ከወጣ ወጣ»፦ የክለሳ ጭቅጭቅ

ቁጥር አንባቢ፦
የሸጎሌ ልጅ ትናንት እዚህ የጻፈው ነገር እስካሁን አናዶኛል። ቃል በቃል ላስቀምጠው። «ቁጥር አንዴ ከወጣ ወጣ። ከከለሱት መጀመሪያውኑ ዋሽተዋል። ትራምፕ ሴትዮዋን ማባረሩ ልክ ነው።» ሴትዮዋ ያላት የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮን ትመራ የነበረችውን ኤሪካ ማክኤንታርፈርን ነው። ላልተከታተለ ሰው ነገሩ እንዲህ ነበር። ኦገስት 1 ቀን 2025 ቢሮው የጁላይን የሥራ ቁጥር አወጣ፤ 73,000 አዲስ ሥራ። በዚያው ወረቀት ላይ ያለፉትን ሁለት ወሮች አስተካከለ። ሜይ ከ144,000 ወደ 19,000፣ ጁን ከ147,000 ወደ 14,000 ወረደ። በድምሩ 258,000 ማለት ነው። ትራምፕ ተጭበርብሯል ብሎ በዚያው ቀን አባረራት። ማስረጃ የለም።

አሁን ክለሳው ምን እንደሆነ እንነጋገር። ቢሮው በየወሩ 121,000 ያህል ድርጅቶችንና መሥሪያ ቤቶችን ይጠይቃል። በመጀመሪያው ዙር የሚመልሱት ከመቶ 60 ምናምኑ ናቸው። የቀሩት ዘግይተው ይልካሉ። ሲልኩ ይደመራል፣ ቁጥሩ ይስተካከላል። የሚስተካከልበት ቀን ሳይቀር አስቀድሞ የታወቀ ነው። ማነው የዋሸው?

የሸጎሌ ልጅ፦
የተናደድከው በእኔ ነው ወይስ በጠፋው 258,000 ሥራ? 😄
አሁንም ያው ነኝ። ቁጥር አንዴ ከወጣ ወጣ። መልስ ያልላከ ካለ ለምን አይጠብቁትም? ማን አስቸኮላቸው? እኔ ሱቄን ሂሳብ ሳልዘጋ «የወሩ ትርፌ ይሄ ነው» ብዬ ለሚስቴ አልናገርም።

ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ፦
ያስቸኮላቸው የአሜሪካው ማዕከላዊ ባንክ፣ ፌደራል ሪዘርቭ ነው። ወለድ ይውረድ ይቆይ የሚባለው ይህን ቁጥር እያዩ ነው። ሦስት ወር ጠብቀው ሁሉም መልስ ሲገባ ቢያወጡት፣ «ባለፈው ጸደይ ሥራ ቀዝቅዞ ነበር» የሚል ዜና ነው የሚሆነው። ምን ይሠራልሃል?
ደግሞ ሴትዮዋን ሴኔቱ 86 ለ 8 ነው ያጸደቃት። ከእሷ በፊት ቢሮውን የመራው፣ ትራምፕ ራሱ የሾመው ዊሊያም ቢች እንኳን መባረሯን በአደባባይ ተቃውሟል። ኃላፊው ቁጥሩን የሚያየው ባለሙያዎቹ ከጨረሱት በኋላ ነው ብሎ አስረድቷል። አሁን ቢችንም ዴሞክራት አድርገው።

የሸጎሌ ልጅ፦
ዴሞክራት አላልኩም። ግን አንድ ጥያቄ መልሱልኝ። ሜይ ላይ «ሥራ ሞልቷል» ተብሎ ቤት የገዛ ሰው፣ ኦገስት ላይ «ይቅርታ፣ ተከልሷል» ሲባል ባንኩ ዕዳውን ይከልስለታል?

ቁጥር አንባቢ፦
ይቺ ጥሩ ጥያቄ ናት። መልሱ ግን «አትከልሱ» አይደለም። ቢሮው ራሱ የወሩ ለውጥ በ130,000 ምናምን ወደ ላይም ወደ ታችም ሊሳሳት እንደሚችል በጽሑፍ ያስቀምጣል። 73,000 ሲልህ ከዜሮ በታችም ሊሆን ይችላል እያለህ ነው። ያንን መስመር የሚዘለው ጋዜጠኛው ነው፤ አንተም እሱን ነው የምታነበው።

ዝም አልልም፦
ይሄ ቡድን የአዲስ አበባ ነው የዋሽንግተን? የኛ የዋጋ ንረት ሲከለስ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔን የሚያስፈራኝ ተከልሶ የማያውቅ ቁጥር ነው።

ዋጋ ሰብሳቢ ነበርኩ፦
ዝም አልልም፣ እሱ ላይ ተሳስተሃል። የዋጋ ንረት በአብዛኛው አገር አይከለስም። የአሜሪካውም ወቅታዊ ማስተካከያ ያልተደረገበት (የበዓልና የወቅት ውጣ ውረድ ያልወጣለት) ቁጥር አንዴ ከታተመ ያው ነው። የጡረተኞቻቸው ጭማሪ በእሱ ነው የሚሰላው። ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ «ቁጥሩ ተቀይሯልና መልሱ» አይባልም። ስለዚህ ጥንቃቄው ሁሉ ከመታተሙ በፊት ነው። እኔ በወጣሁባቸው ዓመታት ትልቁ ራስ ምታት አንድን ዕቃ ያው ዕቃ ሆኖ መከታተል ነበር። ባለፈው ወር የመዘገብከው ማኛ ጤፍ ነው፤ በዚህ ወር ስትሄድ ነጋዴው ያለው ሰርገኛ ብቻ ነው። የሰርገኛውን ዋጋ በማኛው ቦታ ከጻፍክ ጤፍ ረከሰ ማለት ነው። ማንም ሳይዋሽ ውሸት ወጣ።

የሸጎሌ ልጅ፦
«አንዴ ከታተመ ያው ነው።» ይህን ያለው እኔ ሳልሆን ባለሙያው ነው። ቁጥር አንዴ ከወጣ ወጣ። አመሰግናለሁ፣ መልካም ሌሊት።

ቁጥር አንባቢ፦
የትም አትሂድ! ሰውዬው ያለው ስለ ዋጋ ነው። አንተ ያባረርካት ሴት የተከሰሰችው በሥራ ቁጥር ነው። ጡረታ፣ የኪራይ ውል፣ ቦንድ የሚታሰርበት ቁጥር አይነካም። መልሱ ተቆራርጦ የሚመጣው፣ እንደ ሥራና እንደ አገር ውስጥ ምርት ያለው፣ ይከለሳል። ሁለቱም ሕጋቸው አስቀድሞ ተጽፏል። ጥፋት የሚሆነው ሕጉን መሐል መንገድ ላይ ስትቀይር ነው።

የሸጎሌ ልጅ፦
ሴፕቴምበር ላይ ደግሞ ሌላ 911,000 ቀነሱ። እሱም በሕጉ ነው?

ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ፦
አዎ በሕጉ ነው። በዓመት አንዴ የናሙናውን ቁጥር አሠሪዎች ለሥራ አጥ መድን ከሚያስገቡት መዝገብ ጋር ያስታርቁታል። 911,000 የመጀመሪያ ግምቱ ነው፤ እስከ ማርች 2025 ያለውን ዓመት የሚመለከት። ትልቅ ነው፣ አልክድም። ግን ማን ነገረህ? ራሳቸው።

ጡረተኛው፦
ልጆች፣ እኔ ስለ አሜሪካ አላውቅም። በ2000 ዓ.ም ክረምት የሆነውን ግን አስታውሳለሁ። ከዓመት በፊት ከነበረው ተመሳሳይ ወር ጋር ሲተያይ ንረቱ ከ60 በመቶ አልፎ ነበር። የ12 ወር ተንከባላይ አማካዩ (ያለፉትን 12 ወሮች ከእነሱ በፊት ከነበሩት 12 ወሮች ጋር የሚያስተያየው) ግን የዚያን ግማሽ አይሞላም። ሁለቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው። ስብሰባ ላይ የሚነበበው ግን አንዱ ነበር። የትኛው እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

ዝም አልልም፦
ጋሼ ዕድሜ ይስጥልን። እርስዎ በሁለት መስመር የጨረሱትን እነዚህ ሲያንዛዙት ነው ያደሩት።

ቁጥር አንባቢ፦
ጋሼ ያሉት ልክ ነው፤ ግን አማካዩን ማተም ራሱ ኃጢአት አይደለም። ችግሩ ዋጋ ሲወጣ አማካዩን፣ ሲበርድ ደግሞ የዓመቱን ማንሳት ነው። ዋናው ቁጥር አንድ ይሁን፤ ሲከፋም ሲያምርም እሱ ይነበብ። ሰኔ 2017 ላይ 13.9 በመቶ ሲባል ከሰኔ 2016ቱ 19.9 ጋር አስተያይቼ የሚገባኝ ሁለቱም በአንድ መንገድ ስለተሰሉ ነው። ብሔራዊ ባንክም የ15 በመቶ ወለድ ካስቀመጠበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ በዚህ ቁጥር ላይ ነው የቆመው። ቁጥሩ ከተበላሸ ወለዱም ተበላሸ ማለት ነው።

እሙ ኪያ፦
እኔ የምለው፣ በ2008 ሰው ምን ይገዛ እንደነበረ ጠይቃችሁ በዚያ ክብደት፣ ማለትም እያንዳንዱ ዕቃ ያኔ ከወጪው በያዘው ድርሻ፣ የዘንድሮን ኑሮ ትለኩታላችሁ? ለዓመታት ስንሰማው የኖርነው ንረት እኮ መነሻው (ዋጋው 100 ተብሎ የተቆጠረበት ጊዜ) ታኅሣሥ 2009 ነው። ከዚያ ወዲህ ኮሮናው መጣ፣ ጦርነቱ መጣ፣ ብሩ በገበያ ይወሰን ተባለ። የኔ ወጪ ያኔና ዛሬ አንድ አይደለም። ግማሹን የቤት ኪራይና ትራንስፖርት በልቶታል።

የሸጎሌ ልጅ፦
እሙዬ አትንኪው። ክብደቱን ሲቀይሩት ምን እንደሚሆን ናይጄሪያን እዪ። ዲሴምበር 2024 ንረታቸው 34.80 በመቶ ነበር። ጃንዋሪ ላይ ክብደትና መነሻ ዓመት ቀየሩ፤ 24.48 ሆነ! በአንድ ሌሊት 10 ነጥብ። ሌጎስ ገበያ ላይ ሩዝ የረከሰ መስሎሻል?

ቁጥር አንባቢ፦
ናይጄሪያ መቀየር ነበረባት። የድሮው መነሻ 2009 ነበር፤ የፈረንጁ 2009። ምግብ ከግማሽ በላይ ይመዝን ነበር፣ በአዲሱ ወደ 40 በመቶ ገደማ ወረደ። ግን መቀየር ብቻውን አይበቃም። አዲሱንና አሮጌውን ለዓመት ያህል ጎን ለጎን ማተም ነበረባቸው። ያኔ ሰው ከ10 ነጥቡ ስንቱ ከገበያ፣ ስንቱ ከስሌት እንደመጣ ያያል። እኛም ስንቀይር ይሄ ይደረግልን ነው የምለው።

የሸጎሌ ልጅ፦
ስለዚህ ሰው ማመን ያቆመው ቁጥሩን ሲነኩት ነው። እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው።

ቁጥር አንባቢ፦
አላልክም!

እሙ ኪያ፦
ሁለታችሁም ስለ በዓል አንድ ነገር ትነግሩኛላችሁ? ዶሮና እንቁላል ለፋሲካ ሲወጣ «ንረት ጨመረ»፣ በጾሙ ሲወርድ «ንረት ተገታ» ይላሉ። ይሄ ዜና ነው?

ዋጋ ሰብሳቢ ነበርኩ፦
በጣም ጥሩ ነጥብ። ካለፈው ወር ጋር እያስተያየህ የምታወራ ከሆነ ወቅቱን ማውጣት አለብህ። የኛ ፋሲካ ደግሞ ከመጋቢት 26 አይወርድም፣ ከሚያዝያ 30 አይወጣም። በፈረንጁ አቆጣጠር በ2024 ሜይ 5 ዋለ፣ በ2025 ኤፕሪል 20። ኤፕሪልን ከኤፕሪል ጋር ያስተያየ ሰው ጾም ላይ ያለችን ዶሮ ከፋሲካ ዶሮ ጋር እያስተያየ ነው። አሜሪካኖቹ የሠሩት የማስተካከያ ፕሮግራም በራሱ የሚያውቀው የፈረንጆቹን ፋሲካ ነው። ሁዳዴን፣ ፍልሰታን፣ ጳጉሜን ቁጭ ብለህ ማስገባት አለብህ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ፦
ረመዳንስ? ፋሲካ ቢያንስ ወሩ ይታወቃል። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ይሄዳል። ቴምርና ሳምቡሳ የማይገዛ አገር አደረጋችሁት።

ዋጋ ሰብሳቢ ነበርኩ፦
ረመዳንም ይገባል፣ ማን ከለከለ? ምሳሌ ሰጠሁ እንጂ ቀን መቁጠሪያ አላሳተምኩም።

ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ፦
ምሳሌ ስትሰጡ ሁሌ እሷው ዶሮ ናት። 😂

አድሚን፦
ወደ ጉዳዩ። ሃይማኖት ውስጥ የገባ ኮሜንት ይሰረዛል።

ጡረተኛው፦
አንድ ነገር ልጨምር። ሰው በቁጥር ምክንያት ሲባረር አሜሪካ የመጀመሪያዋ አይደለችም። አርጀንቲና ጃንዋሪ 2007 የዋጋ ስሌቱን የምትመራውን ግራሲየላ ቤቫኳን አነሱ። የመንግሥት ቦንድ ከንረቱ ጋር የታሰረ ነበር፤ ንረቱ ዝቅ ሲል ክፍያውም ዝቅ ይላል። ከዚያ ነጋዴውም ሠራተኛውም ኦፊሴላዊውን ቁጥር ትቶ የግል ባለሙያዎችን መስማት ጀመረ። በ2011 መንግሥት ባለሙያዎቹን 500,000 ፔሶ ቀጣቸው። በ2013 ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት (አይኤምኤፍ) አርጀንቲናን በይፋ አወገዘ።

የሸጎሌ ልጅ፦
ጋሼ በአክብሮት፣ ቦነስ አይረስ ደረስን። ከሸጎሌ ተነስተን።

ዝም አልልም፦
እኔ አንድ ነገር ነው የምፈልገው። ቁጥሩን መጀመሪያ የሚያወጣው የቆጠረው መሥሪያ ቤት ይሁን። ባለሥልጣን ማይክ ይዞ ቀድሞ እንዳይናገረው። እንግሊዝ አገር የስታቲስቲክስ ቢሮው ከጁላይ 2017 ጀምሮ፣ ሚኒስትሮች እሱ የሚያወጣውን ቁጥር ቀድመው እንዳያዩ ከልክሏል። ትራምፕ ራሱ ጁን 1 ቀን 2018 የሥራ ቁጥሩ ሊወጣ አንድ ሰዓት ሲቀረው «በጉጉት እየጠበቅሁት ነው» ብሎ ጽፎ ገበያው ወዲያው ገባው። ጥሩ ቁጥር እንደሆነ አይቶ ነበራ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ፦
የባሰ ላምጣ? የአሜሪካ መንግሥት በጀት ሳይጸድቅለት ቀርቶ ተዘግቶ፣ ሰብሳቢዎቹ ቤታቸው ስለዋሉ የኦክቶበር 2025 የዋጋ ቁጥር ጭራሽ አልታተመም። የሴፕቴምበሩን ግን ሠራተኞች ጠርተው አወጡት፤ የጡረታ ጭማሪው ይሰላበታላ። የኦክቶበሩ አለፈ፣ ማንም ወደ ኋላ ሄዶ ዋጋ መጠየቅ አይችልም። እዚያው 2025 ላይ በሠራተኛ እጥረት ቡፋሎን፣ ሊንከንንና ፕሮቮን ከመሰብሰቢያ ከተሞች አስወጥተዋል። ኃላፊ ከማባረር በፊት ሰብሳቢ ቢቀጥሩ አይሻልም ነበር?

የሸጎሌ ልጅ፦
ከወጣ ወጣ አልኩ። ጭራሽ ካልወጣ ምን ልበል? እሱን እናንተ አስረዱ።

ዝም አልልም፦
ሰብሳቢ ከተነሳ፣ በጦርነቱ ጊዜ መቀሌ ገበያ ላይ ዋጋ ማን ጠየቀ? ናሙናውስ የሚወጣው ከየትኛው ቆጠራ ነው? የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ 1999 ነው። በ2011 ሁለቱ ምክር ቤቶች አራዘሙት፣ እስካሁን እንደተራዘመ ነው። እናንተ ስለ ፋሲካ ዶሮ ትከራከራላችሁ።

ቁጥር አንባቢ፦
ቆጠራው ሌላ ጉዳይ ነው፤ ለብቻው ፖስት አድርገው።

ዝም አልልም፦
ለምንድነው ሌላ ጉዳይ የሚሆነው? ስንት ሰው እንዳለን ሳናውቅ የስንት ሰው ወጪ ነው በመቶኛ የምታወራልኝ? ቁጥር አንባቢ፣ እሷን ሳትመልስ ከዚህ አትወጣም።

የሸጎሌ ልጅ፦
ዛሬ ገና ተስማማን።