አምቤድካር የሚለው ስም የመምህሩ ነው ወይስ የመንደሩ?

ጠያቂ፦ የህንድን ሕገ መንግሥት አርቃቂ ኮሚቴ የመሩት ዶክተር አምቤድካር የቤተሰባቸው ስም ሳክፓል ነበር። በሰፊው እንደሚነገረው፣ አባታቸው መጀመሪያ አምባዳዌካር ብለው አስመዘገቧቸው። ከዚያ ክሪሽናጂ ኬሻቭ አምቤድካር የሚባሉ ብራህሚን (ከሂንዱ ዘሮች ከላይኛው ወገን የሆኑ) መምህር ልጁን ስለወደዱት በራሳቸው ስም ተኩት። አንዳንዶች ግን መምህሩን ከታሪኩ ማውጣት ይሻላል ይላሉ። እናንተስ?

የሕግ ተማሪ፦ ለምን ይውጡ? ማሃር፣ ማለትም «አይነኬ» ከሚባለው ወገን ሆኖ የተወለደ ልጅ ክፍል ውስጥ ለብቻው፣ ከቤቱ ባመጣው ጆንያ ላይ ነበር የሚቀመጠው። ውሃ ሲጠማው የትምህርት ቤቱ ተላላኪ ከላይ ያንቆረቁርለታል፤ ተላላኪው ከሌለ ጥሙን ይዞ ይውላል። እኚህ መምህር ግን ከምሳቸው ያካፍሉት ነበር። ይሄ ትንሽ ነገር ነው?

የታሪክ መምህርት፦ ምሳውን ማንም አልካደም። የኔ ጥያቄ ስሙ ላይ ነው። በምዕራብ ህንድ የማሃራሽትራ ግዛት ቋንቋ በማራቲ «ካር» ከቦታ ስም ጋር ሲገጠም የዚያ አገር ሰው ማለት ነው። አምባዳዌ ደግሞ የአባትየው ቤተሰብ መንደር ነው፣ ራትናጊሪ ውስጥ። እንግዲህ ራሱ የመምህሩ ታሪክ እንኳ የሚነሳው አባት ከመረጡት ስም ነው። መምህሩ ቢበዛ አሳጠሩት። ታዲያ አባትየው፣ ወታደሩ ራምጂ ተረስተው «ብራህሚን ስም ሰጠው» የሚለው ብቻ ለምን ይነገራል? ይሄ ያናድደኛል።

የህንድ ፊልም ወዳጅ፦ ዘፋኟ ላታ ማንጌሽካርም እንደዚሁ ናት። አባቷ ዲናናት ጎዋ ውስጥ ካለችው ማንጌሺ መንደር ነው ስሙን የወሰዱት። እዚያ አገር ስምን በመንደር መቀየር ብርቅ አይደለም።

ጠያቂ፦ ግን ሰው ለምን ይቀይራል?

የታሪክ መምህርት፦ ኩልካርኒ ስትል የመንደር ሒሳብ ጸሐፊ፣ ፓቲል ስትል የመንደር ሹም ትዝ ይልሃል። ሹመቱ በዘር የሚወረስ ስለነበር ስሙ የሰውየውን ወገን ይጠቁማል። «ካር» ግን ብራህሚኑም ማሃሩም ይይዘዋል። የመጣህበትን ቦታ ይናገራል እንጂ ዘርህን አያጋልጥም።

የሕግ ተማሪ፦ አባትየውን እናንሳ ካልሽ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በሰሜን ህንድ ያለው የኡታር ፕራዴሽ ግዛት መንግሥት ያደረገውን እዪ። በመዝገብ ሁሉ «ቢምራዎ ራምጂ አምቤድካር» ተብሎ ይጻፍ አለ። ተቃዋሚዎች ወዲያው ተነሱ። ራም የሂንዱ አምላክ ስም ስለሆነ የፖለቲካ ጨዋታ ነው አሉ። እ.ኤ.አ. በ1956 ሂንዱነትን ትተው ቡድሂስት የሆኑ ሰው ናቸው እኮ!

የታሪክ መምህርት፦ ስጋታቸው ይገባኛል። ግን በማሃራሽትራ ከራስ ስም ቀጥሎ የአባት ስም መግባቱ የቆየ ልማድ ነው። የክሪኬት ተጫዋቹ ሳቺን ራሜሽ ቴንዱልካርም እንደዚያ ነው የሚጻፈው። ራምጂ የልጃቸውን ትምህርት ሙጭጭ ብለው የያዙ ሱበዳር (በህንድ ጦር ውስጥ ያለ ማዕረግ) ናቸው። ፖለቲከኛ ስማቸውን ለራሱ ጥቅም ተጠቀመበት ተብሎ ከልጃቸው ስም ላይ አይፋቁም።

የሕግ ተማሪ፦ እሺ፣ አባትየው ይጻፉ። መምህሩም ግን ይነገሩ።

የታሪክ መምህርት፦ ይነገሩ፤ ከአባት ቀድመው ግን አይደለም።