ለእንስሳት ክሊኒክ የጥርስ ሕክምና መሣሪያ፦ በውስን በጀት ከምን ይጀመር?

ጥያቄ፦ የትንንሽ እንስሳት ሐኪም

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣

አብዛኞቹ ታካሚዎቻችን ውሾችና ድመቶች ሲሆኑ፣ እስካሁን የጥርስ ሥራ ስንሠራ የቆየነው በእጅ መፋቂያና በጥርስ መንቀያ ብቻ ነው። አሁን ራሱን የቻለ የጥርስ ሕክምና ክፍል ለመክፈት ስለወሰንን፣ ባለን ውስን በጀት የትኛውን መሣሪያ ብናስቀድም እንደሚሻል ልምድ ያላችሁን ለመጠየቅ ነው የምጽፈው።

ከአቅራቢዎች የመጡልን ሐሳቦች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ኮምፕሬሰር (አየር የሚያምቅ ሞተር)፣ ፈጣንና ዝግተኛ ሃንድፒስ (በእጅ የሚያዝ መሰርሰሪያ)፣ ስኬለር (የጥርስን ቆሻሻ በንዝረት የሚፍቅ መሣሪያ)፣ የውኃና የአየር መርጫ እንዲሁም መምጠጫ በአንድ ተንቀሳቃሽ ጋሪ ላይ የተገጠሙለት ሙሉ ዩኒት ነው። ሁለተኛው ስኬለሩን ለብቻው፣ በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሠራ አነስተኛ መሰርሰሪያም ለብቻው ገዝቶ የሚተርፈውን ገንዘብ ለጥርስ ራጅ ማዋል ነው። ሦስተኛው ከሰው ጥርስ ክሊኒክ የወጣ ያገለገለ ዕቃ ሲሆን፣ ዋጋው ቢያጓጓም ልቤ አልተቀበለውም።

እንድትመልሱልኝ የምፈልገው ራጁ በእርግጥ መቅደም እንዳለበት፣ ከሁለቱ የስኬለር ዓይነቶች (በሴራሚክ ከሚንቀጠቀጠው ፒየዞኤሌክትሪክና በብረት ቅጠሎች ከሚንቀጠቀጠው ማግኔቶስትሪክቲቭ) የትኛው እንደሚሻል፣ ያገለገለ ዕቃ ሲገዛም ምኑን አይቶ ማመን እንደሚቻል ነው። እያንዳንዱ ሻጭ የራሱን ዕቃ የማይበላሽ አድርጎ ስለሚያቀርብ፣ የትኛው ክፍል ቀድሞ እንደሚበላሽ የሚያውቅ ሰው አስተያየት ይበልጥ ይጠቅመኛል።

መልስ፦ በጥርስ ሕክምና ላይ የሚያተኩር የእንስሳት ሐኪም

ዶክተር፣ የሰው ጥርስ ሐኪም በሥራ መካከል መሣሪያው ቢቆምበት ጊዜያዊ መሙያ አድርጎ ታካሚውን ለሌላ ቀን ሊቀጥረው ይችላል። የእኛ ታካሚ ግን ማደንዘዣ ላይ ነው፤ ከሦስቱ የጥርስ ሥሮች አንዱ ወጥቶ ሁለቱ አጥንት ውስጥ እንዳሉ ሃንድፒሱ ቢቆም፣ ያለን ምርጫ ማደንዘዣውን ማራዘም ወይም እንስሳውን ባልተጠናቀቀ ቁስል ማንቃት ነው። ስለዚህ አንድን ዕቃ ከመግዛቴ በፊት የምጠይቀው መቼም ይበላሽ አይበላሽ እንደሆነ ሳይሆን፣ በሥራ መካከል ቢቆም የጀመርኩትን በምን እንደምጨርስ ነው። በዚህ መመዘኛ አንድ ውድ ሃንድፒስ ከመግዛት ሁለት መካከለኛ ሃንድፒሶችን መግዛት ይሻላል። የእጅ መፋቂያዎቻችሁንም አትጣሏቸው፤ ስኬለሩ ባልሠራ ቀን ሥራውን የምትጨርሱት በእነርሱ ነው።

ከሦስቱ ሐሳቦች ወደ ሁለተኛው አዘነብላለሁ፤ ምክንያቱም ራጁን ወደ ኋላ የማይገፋው እርሱ ብቻ ነው። የጥርስ በሽታ አብዛኛው ከድድ በታች የተደበቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 በታተመ ጥናት፣ በዓይን ሲታዩ ምንም ጉዳት ያልተገኘባቸው ጥርሶች ራጅ ሲነሡ በ27.8 ከመቶ ውሾችና በ41.7 ከመቶ ድመቶች ላይ ለሕክምና ውሳኔ አስፈላጊ የሆነ ግኝት ታይቷል። በተለይ የድመት ጥርስ እየተሟሟ የሚጠፋበትን በሽታ ያለ ራጅ ማከም በግምት መሥራት ነው፤ ሥሩ በአጥንት ተተክቶ ከሆነና እንዳለ ከሆነ የነቀላው ዘዴ ይለያያልና። ራጅ አመንጪው ከ60 እስከ 70 ኪሎ ቮልት የሚሠራ የጥርስ ራጅ ከሆነ ለእኛ ይበቃል፤ ለሰው የተሠራውም ያገለግላል።

ምስሉን የሚቀበለውን ክፍል በተመለከተ ግን፣ በኬብል ኮምፒዩተር ላይ ከሚሰካው ሴንሰር ይልቅ የፎስፈር ሰሌዳን (ምስሉ በስካነር የሚነበብ ስስ ሰሌዳ) እመርጣለሁ። ትልቁ ሴንሰር ብዙውን ጊዜ ቁጥር 2 ሲሆን፣ ስፋቱ 3 በ4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የትልቅ ውሻ ክራንቻ ሥር ከድድ በላይ ከሚታየው የጥርሱ ክፍል ስለሚረዝም በእርሱ ላይ አይገባም። ሰሌዳው ግን እስከ ቁጥር 4 ድረስ ይገኛል። ማደንዘዣው የሳሳበት ውሻ ሴንሰሩን ቢነክሰው ኪሳራው ከባድ ነው፤ ሰሌዳ ቢነክስ ግን የሚተካው አንድ ሰሌዳ ብቻ ነው።

በሁለተኛው ሐሳብ ውስጥ የማልስማማበት መሰርሰሪያው ነው። በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሠሩት አነስተኛ መሰርሰሪያዎች በአብዛኛው ፍጥነታቸው በደቂቃ ከ30,000 እስከ 40,000 ዙር አካባቢ ሲሆን፣ በአየር የሚሠራው ፈጣን ሃንድፒስ ግን ከ300,000 እስከ 400,000 ዙር ይደርሳል። ዝግተኛነቱ ብቻውን ችግር አይደለም፤ ችግሩ ብዙዎቹ ውኃ የማይረጩ መሆናቸውና የሞቀ አጥንት የሚሞት መሆኑ ነው። ውኃ የሚረጭ ካገኙ ይግዙት፤ ካላገኙ ግን ኮምፕሬሰር ያለው ትንሽ ዩኒት እስኪገዙ ድረስ ብዙ ሥር ያላቸውን ጥርሶች ወደ ሌላ ክሊኒክ ቢልኩ ይሻላል።

ስለ ስኬለሩ፣ በፒየዞኤሌክትሪክም ሆነ በማግኔቶስትሪክቲቭ ሥራው በጥሩ ሁኔታ ይሠራል። የመጀመሪያው ጫፉ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ የሁለተኛው ደግሞ ሞላላ እየሠራ ይንቀሳቀሳል። ልዩነቱ የሚታየው በመለዋወጫው ላይ ነው። የማግኔቶስትሪክቲቭ ጫፍ ከብረት ቅጠሎቹ ጋር አንድ ላይ ስለሚለወጥ ይወደዳል፤ ባለ 25 እና ባለ 30 ኪሎ ኸርዝ ተሰኪ ጫፎችም በርዝመት ስለሚለያዩ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። የፒየዞው ጫፍ ትንሽና የሚጠመዘዝ ነው፤ ሆኖም እጀታው ወለል ላይ ከወደቀ በውስጡ ያለው ሴራሚክ ሊሰነጠቅ ይችላል። የፒየዞ ጫፎችም በዋናነት በኢ ኤም ኤስ እና በሳቴሌክ ኩባንያዎች የመጠምዘዣ ዓይነት ይከፈላሉ፤ የእነዚህን ጫፎች ሌሎች አምራቾችም ስለሚሠሩ፣ ከሁለቱ አንዱን የሚቀበል ስኬለር ከገዙ በአንድ አቅራቢ ላይ ጥገኛ አይሆኑም። የትኛውንም ቢመርጡ፣ የጫፉ ርዝመት 1 ሚሊ ሜትር ሲያጥር ከአቅሙ ሩብ ያህሉን፣ 2 ሚሊ ሜትር ሲያጥር ግማሽ ያህሉን ስለሚያጣ፣ የጫፍ መለኪያውን ካርድ ከዕቃው ጋር ይጠይቁ። ደክሟል ተብሎ የሚከሰሰው ስኬለር ብዙ ጊዜ ያለቀው ጫፉ ብቻ ነው።

መልስ፦ የሕክምና መሣሪያ ጥገና ባለሙያ

ሐኪም አይደለሁም፤ ነገር ግን የሰውም የእንስሳትም ክሊኒኮች ዕቃ ወደ እኔ ስለሚመጣ፣ ስለሚበላሸው ክፍል ለተነሣው ጥያቄ መልስ ልስጥ።

ብዙውን ጊዜ ሰው ሃንድፒሱ ተበላሸ ብሎ ይመጣል፤ ጥፋተኛው ግን ኮምፕሬሰሩ ነው። አየር ሲታመቅ በውስጡ ያለው እርጥበት ውኃ ሆኖ በጋኑ ውስጥ ይጠራቀማል። በየዕለቱ ማምሻውን ካልተደፋ፣ የእርጥበት ማጥሪያ ፊልትሮውም ካልተለወጠ፣ ውኃው በቱቦው ገብቶ የተርባይኑን (በሃንድፒሱ ውስጥ በአየር የሚሽከረከረውን ክፍል) ኩሽኔታ ያዝገዋል። ከሐኪሞች ሥራ ይህን የሚያህል ርካሽ ጥገና አላውቅም፤ የሚረሳውም እርሱ ነው። ኮምፕሬሰር ሲመርጡ የጋኑን ትልቅነት ብቻ አይዩ። የሚፈለገው በሥራ ግፊት ላይ በየደቂቃው ስንት ሊትር አየር እንደሚሰጥና ሳያርፍ ስንት ደቂቃ መሥራት እንደሚችል ነው። አንዳንዶቹ የሠሩትን ያህል ጊዜ እንዲያርፉ ታስበው የተሠሩ ሲሆኑ፣ የእናንተ ነቀላ ግን ረጅም ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ያለ ዘይት የሚሠራው ድምፁ ከፍ ቢልም ዘይት ወደ አየሩ አይቀላቅልም፤ በዘይት የሚሠራው ጸጥተኛ ነው፣ ነገር ግን የዘይቱን መጠን የሚከታተል ሰው ይፈልጋል። እንዲህ ያለ ሰው ከሌላችሁ ድምፁን ብትታገሡት ይሻላል።

የግፊቱ ነገር ደግሞ ብዙዎችን ያሳስታል። በጋኑ ላይ ያለው የግፊት መለኪያ የሚያሳየው የጋኑን ግፊት እንጂ ወደ ሃንድፒሱ የሚደርሰውን አይደለም። አብዛኞቹ ተርባይኖች ከ2 እስከ 3 ባር ባለው ክልል ስለሚሠሩ፣ ልኩ በቱቦው ጫፍ ላይ፣ ሃንድፒሱ እየዞረ ሳለ መለካት አለበት። የበለጠ ግፊት ጥርሱን በፍጥነት ይቆርጥ ይመስላል፤ የሚያሳጥረው ግን የኩሽኔታውን ዕድሜ ነው።

ሃንድፒስ ሲገዛ ተርባይኑ ለብቻው የሚለወጥ መሆኑን፣ መለዋወጫውም ከአንድ በላይ አቅራቢ ዘንድ መኖሩን ጠይቁ። ከዚያ ማያያዣውን ተመልከቱ፤ ባለ ሁለት ቀዳዳና ባለ አራት ቀዳዳ አለ፣ ሁለቱ ያለ አስማሚ አይገናኙም። አራት ቀዳዳውን እመክራለሁ፤ የሚረጨው አየርና ውኃ ለየብቻ ስለሚመጡ መርጨቱ ጥሩ ይሆናል። ሃንድፒሱ ወደ አውቶክሌቭ (የእንፋሎት ማምከኛ) ከመግባቱ በፊት ዘይት ተረጭቶበት ትርፉ እንዲወጣ ጥቂት ይሽከረከር፤ የመሰርሰሪያ ጫፍ ሳይገባበት ግን ፈጽሞ አታሽከርክሩት፣ ጫፉን የሚይዘው ክፍል ይጎዳል። አውቶክሌቭ የማይችሉ ርካሽ ሃንድፒሶችም ስላሉ፣ በላዩ ላይ የ134 ወይም የ135 ዲግሪ ምልክት መኖሩን ሳታዩ አትክፈሉ።

ከሰው ጥርስ ክሊኒክ ስለሚወጣው ያገለገለ ዕቃ፣ ራጁን፣ አውቶክሌቩንና ኮምፕሬሰሩን ለየብቻ የሚሸጥ ካለ ማየት ይቻላል። ሙሉውን ዩኒት ግን አልመክርም፤ ከዋጋው ብዙውን የሚይዘው ወንበሩ ነው፣ የአየርና የውኃ መቆጣጠሪያውም ብዙ ጊዜ ከወንበሩ ጋር ተያይዞ የተሠራ ስለሆነ ለይቶ ማውጣት አድካሚ ነው። ከውጭ የመጣ ከሆነ የቮልቴጁን ብቻ ሳይሆን የኸርዙንም (የኤሌክትሪኩን ድግግሞሽ) ቁጥር ከስም ሰሌዳው ላይ አንብቡ። ትራንስፎርመር ቮልቴጅ ይለውጣል እንጂ ኸርዝ አይለውጥም፤ ለ60 ኸርዝ የተሠራ የኮምፕሬሰር ሞተር በ50 ኸርዝ ሲሠራ ከስድስት እጅ አንዱን ያህል ፍጥነት ያጣል፣ ይሞቃልም። ዕቃውን ስታዩ ሻጩ አስቀድሞ ያሞቀውን አትቀበሉ፤ ጋኑ ባዶ ሆኖ ከመጀመሪያው ይነሣና እስኪሞላ ጠብቃችሁ፣ ሃንድፒሱን ለረጅም ጊዜ እያስኬዳችሁ ግፊቱ ይወርድ እንደሆነ ተመልከቱ።

መልስ፦ የድመት ሕክምና የምትሠራ ሐኪም

ከላይ የቀረበው ምክር በአብዛኛው ትክክል ነው፤ ሴንሰርን በተመለከተ የተሰጠውን አስተያየት ግን ሙሉ በሙሉ አልቀበለውም። ሰሌዳ ካነሣችሁ በኋላ ከአፍ ወጥቶ፣ በስካነር ተነብቦ፣ ቦታው ትክክል ካልሆነ እንደገና መነሣት አለበት። ሴንሰሩ ግን ምስሉን በጥቂት ሰከንድ ያሳያል፤ ከአፍ ሳይወጣ አንግሉን አስተካክሎ መድገምም ይቻላል። የአፉ ሁሉ ራጅ በሚነሣበት ጊዜ ይህ ከማደንዘዣው ሰዓት የሚቀነስ ነው፤ ባልደረባዬ ያነሡት መመዘኛም ይህንኑ የሚደግፍ ይመስለኛል። ድመቶችና ትንንሽ ውሾች ለሚበዙበት ክሊኒክ ቁጥር 2 ሴንሰር ይበቃል፤ የትልቅ ውሻ ክራንቻም ቢሆን በሁለት ምስል ይሸፈናል። ሁለቱም ጎን የየራሱ ሚዛን ስላለው፣ ውሳኔው በየትኞቹ ታካሚዎች ብዛት ላይ ይመሥረት። ሴንሰር ከገዛችሁ ግን ኬብሉ ለብቻው የሚለወጥበትን ምረጡ፤ ቀድሞ የሚበላሸው ኬብሉ ነው።

በውይይቱ ያልተነሣው የአፍ መክፈቻው ነው። በሞላ የሚወጠረውን መክፈቻ ለድመት አትግዙ። የድመት አፍ በኃይል ሲወጠር ወደ ዓይንና ወደ አንጎል ደም የሚወስደው የላይኛው መንጋጋ ደም ሥር ሊጨመቅ ይችላል፤ ከማደንዘዣ በኋላ ለሚታይ ዓይነ ስውርነትም ምክንያት ሆኖ ተመዝግቧል። አጭር የፕላስቲክ ቱቦ በመካከል ማድረግ ይበቃል። ሌላው በአየር መርጫው በተከፈተ የጥርስ ጉድጓድ ውስጥ አየር አለመንፋት ነው፤ ከቆዳ ሥር አየር ከመግባት አልፎ ለሞት የሚያደርስ የአየር እምቦሊዝም (አየር ደም ሥር ውስጥ ገብቶ ዝውውሩን መዝጋት) ሊያስከትል ይችላል።

ለእጅ መሣሪያዎችም በጀት ይመደብ። ለድመት ሥር ቀጭን ኤሌቬተር (ጥርስን ከአጥንቱ የሚያላቅቅ የእጅ መሣሪያ)፣ ለውሻም በተለያየ ስፋት ያሉ ያስፈልጋሉ፤ የሰው ጥርስ ሐኪም ኤሌቬተር ለድመት ብዙ ጊዜ ይገዝፋል። የዶለዶመ ኤሌቬተር ጉልበት ያስጠይቃል፣ በጉልበት የሚሠራ እጅ ደግሞ የታችኛውን መንጋጋ ይሰብራል፤ ስለዚህ መሳያ ድንጋዩ ከመሣሪያው ጋር አብሮ ይገዛ።

ጠያቂው፦ የትንንሽ እንስሳት ሐኪም

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከታካሚዎቻችን ግማሽ ያህሉ ትልልቅ ውሾች ስለሆኑ ወደ ሰሌዳው አዘንብለናል፤ ራጁንና ፒየዞ ስኬለሩን አሁን ገዝተን፣ ኮምፕሬሰር ያለውን ትንሽ ዩኒት በሚቀጥለው በጀት ለማድረግ አስበናል። እስከዚያ ብዙ ሥር ያላቸውን ጥርሶች ወደ ሌላ ክሊኒክ እንልካለን። የቀረኝ አንድ ጥያቄ የውኃው ነው፤ የቧንቧ ውኃችን ጨው የሚበዛበት ስለሆነ በቀጥታ ለስኬለሩ መጠቀም ይቻላል ወይ?

መልስ፦ የሕክምና መሣሪያ ጥገና ባለሙያ

በቀጥታ አታገናኙት። ጨው ያለው ውኃ በስኬለሩ የውኃ ቫልቭና በጫፉ ቀዳዳ ላይ ዝቃጭ ይሠራል፤ ውኃው ሲቀንስ ጫፉ ይሞቃል፣ ሐኪሙ ግን ወዲያው ላያስተውለው ይችላል። የራሱ ጠርሙስ ያለውን ስኬለር ምረጡና የተጣራ ውኃ ሙሉበት። ማታ ጠርሙሱ ተደፍቶ መስመሩ በአየር ይድረቅ፤ ቆሞ የሚያድር ውኃ በቱቦው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ የባክቴሪያ ሽፋን ያበቅላል። በየታካሚው መካከልም ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ውኃው ይፍሰስ። ፀረ ተሕዋስያን ወደ ጠርሙሱ መጨመር ከፈለጋችሁ መጀመሪያ የአምራቹን መመሪያ አንብቡ፤ አንዳንዱ ጎሚኒውን ይበላል።

ዩኒቱን የምትገዙበት ጊዜ ሲደርስ የቱቦውን ጫፍና የኮምፕሬሰሩን የስም ሰሌዳ ፎቶ እዚህ ብታስቀምጡ፣ ማያያዣውና ሞተሩ ከክሊኒካችሁ ጋር የሚስማሙ መሆናቸውን አይቼ እነግራችኋለሁ።