ዘግይቶ የደረሰ ስትሮክ፦ ዳውን ያስወጣዋል፣ ዲፊውዝ 3 ያስገባዋል

ጥያቄ
ሰላም ባልደረቦች። የ78 ዓመት ታካሚ ናቸው። ደህና ሆነው ለመጨረሻ ጊዜ የታዩት ከምሽቱ 4 ሰዓት ሲሆን የደረሱት ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው። ከዚህ በፊት ራሳቸውን ችለው ይኖሩ ነበር። የኤን አይ ኤች ስትሮክ ነጥባቸው (የሕመሙ ክብደት መለኪያ) 14፣ አስፔክትስ (በተራ ሲቲ የሚታይ ጉዳት ነጥብ፤ 10 ጉዳት የለም ማለት ነው) 7፤ በሲቲ አንጂዮ (የደም ሥር ምስል) ግራ ኤም 1 (የአንጎል መካከለኛ ደም ቅዳ የመጀመሪያ ክፍል) ተዘግቷል። ፐርፊውዥን (የአንጎል የደም ፍሰት ስካን) የሞተውን ክፍል (ኮር) 38፣ ቲማክስ (የደሙ መድረሻ መዘግየት) ከ6 ሰከንድ በላይ የሆነውን 112 ሚሊ ሊትር ይላል። የረጋውን ደም በካቴተር ለማውጣት የቱን መስፈርት ልከተል፦ የዳውንን ወይስ የዲፊውዝ 3ን (ሁለቱም ዘግይተው በደረሱ ታካሚዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ናቸው)?

ምላሽ 1
አንዱን ካሟሉ ይበቃል። ዳውን ከ80 ዓመት በታች ለሆነ፣ ነጥቡም ከ10 እስከ 19 ለሆነ ሰው ኮሩ ከ31 በታች እንዲሆን ይፈልጋል፤ እስከ 51 የሚፈቅደው ነጥቡ 20 ሲሞላ ነው። ዲፊውዝ 3 ታካሚው ደህና ሆኖ ከታየ ከ6 እስከ 16 ሰዓት ድረስ ኮር ከ70 በታች፣ በቲማክሱ ክፍልና በኮሩ መካከል ያለው ልዩነት ቢያንስ 15 ሚሊ ሊትር፣ የሁለቱ ጥምርታ ቢያንስ 1.8 ይላል። የእርስዎ ታካሚ 11 ሰዓታቸው ነው፤ ልዩነቱ 74፣ ጥምርታው 2.9። ይገባሉ። ዳውን አስወጣቸው ማለት ሕክምናው አይጠቅማቸውም ማለት አይደለም፤ እንደሳቸው ያለ ሰው በዚያ ጥናት አልተካተተም ማለት ብቻ ነው።

ምላሽ 2
ቁጥሩን ከማመንዎ በፊት የኮንትራስቱን (ለስካኑ በደም ሥር የሚሰጠውን ንጥረ ነገር) ኩርባ ይክፈቱ። ልባቸው ደካማ ከሆነ ወይም ምቱ ከተዛባ ኮንትራስቱ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ስካኑ ከ60 ሰከንድ በፊት ከቆመ ደግሞ ኩርባው ወደ መነሻው ሳይመለስ ይቆረጥና ስሌቱ ይበላሻል። ታካሚው ጭንቅላታቸውን ካንቀሳቀሱም እንዲሁ። ተራውን ሲቲም ጎን ለጎን ያስቀምጡት፦ እዚያ በግልጽ የጠቆረ ቦታ እያለ ሶፍትዌሩ ኮር የለም ካለ፣ ተራውን ሲቲ ይመኑ። ፍሰቱ ተመልሶ ሊሆን ይችላል፤ የሞተው ግን አይመለስም።

ጠያቂ
ኩርባው ሙሉ ነው፣ እንቅስቃሴም የለም። ግን በዚያው ጎን አንገት ላይ ካሮቲዱ በጣም ጠብቧል።

ምላሽ 2
እንግዲያው 112ቱ የተጋነነ ሊሆን ይችላል። ከላይ ያለ ጥበት ደሙን ስለሚያዘገየው፣ ጉዳት የማያሰጋው አንጎልም ቲማክሱ ይረዝማል። ግን ያስሉት፦ 38 በ1.8 ሲባዛ 68 ተኩል ገደማ ነው። ከ112ቱ ውስጥ 43 ሚሊ ሊትር ያህሉ ሐሰት ቢሆን እንኳ መስፈርቱን ያልፋሉ። ስለ ጥበቱ ግን ለሚሠራው ሐኪም አሁኑኑ ይንገሩት፤ ካቴተሩ ማለፍ ካልቻለ በመንገድ ላይ በባሉን ማስፋት ወይም ስቴንት ማስገባት ሊኖርበት ይችላል፤ ስቴንት ከገባ ደግሞ የፕላትሌት መድኃኒትና የደም መፍሰስ ጉዳይ ይከተላል።

ምላሽ 3
ፐርፊውዥን ለሌላችሁ፦ በ2023 የወጣው ኤም አር ክሊን ሌት የተባለ ጥናት ከ6 እስከ 24 ሰዓት ታካሚ የመረጠው በሲቲ አንጂዮ በሚታይ የጎን ፍሰት (የተዘጋውን አልፎ በሌሎች ደም ሥሮች በሚደርስ ደም) ነው፤ ጨርሶ የሌላቸውን ብቻ አስቀርቷል። ሆኖም ምስሉ ቶሎ ተነስቶ ከሆነ ጥሩ የጎን ፍሰት ያለው ሰው የሌለው ይመስላል። የደም መልሶቹ ገና ካልሞሉ አትፍረዱ፤ ዘግየት ያለውን ምስል ጨምሩ። ከሌላ ሆስፒታል ለተላከ ሰው ደግሞ ሰዓታት ካለፉ ተራውን ሲቲ ድገሙ።