250 ኪሎ ጤፍ ለምን 2 ኩንታል ብቻ ሆነ?

የብቸናዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ብቸና ውስጥ በአንድ የእህል መጋዘን ሒሳብ እሠራለሁ፤ ማታ ማታ ሲ ፕላስ ፕላስ (C++) የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ እማራለሁ። ለልምምድ፣ ገበሬው ያመጣውን ጤፍ ከኪሎ ወደ ኩንታል የሚቀይር ፕሮግራም ጻፍኩ። ኪሎውን የሚይዘው ተለዋዋጭ ኢንት (int፣ ሙሉ ቁጥር ብቻ የሚይዝ) ነው። 250ን ለ100 ሳካፍል 2 ብቻ ይሰጠኛል። ውጤቱን የሚቀበለውን ተለዋዋጭ ደብል (double፣ ነጥብ ያለው ቁጥር የሚይዝ) ባደርገውም ያው 2 ነው። 50 ኪሎ ጤፍ የሰው ልፋት ነው፤ የት ገባ?

መምህር ከደብረ ማርቆስ፦
እህቴ፣ በሲ ፕላስ ፕላስ ሁለት ኢንቶች ሲካፈሉ ውጤቱም ኢንት ነው፤ ከነጥብ በኋላ ያለው ተቆርጦ ይጣላል። ማጠጋጋት እንዳይመስልሽ፤ 299 ኪሎም ቢሆን 2 ነው የሚወጣው። ደብሉ ያልረዳሽ ማካፈሉ ቀድሞ ስለሚያልቅ ነው፤ እሱ ዘንድ የሚደርሰው የተቆረጠው 2 ነው። እኔ ብሆን ደብልን አልነካም። 250 / 100 ኩንታሉን፣ 250 % 100 ደግሞ ቀሪውን 50 ኪሎ ይሰጥሻል። ገበሬውም የሚናገረው «ሁለት ኩንታል ከሃምሳ» ብሎ ነው፤ ደረሰኙም እንደዚያው ይጻፍ።

ከፍኖተ ሰላም፦
መምህር፣ ለምን ያደክሟታል? 100 የሚለውን 100.0 ብላ ብትጽፍ 2.5 ይወጣል።

መምህር ከደብረ ማርቆስ፦
ለኪሎው ይሁን፣ ልክ ነህ። ብር ላይ ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። 0.1 ኮምፒውተሩ በሚጠቀምበት በሁለትዮሽ ቁጥር (በ0 እና በ1 ብቻ) በትክክል አይጻፍም፤ በደብል 0.1ን ከ0.2 ደምረህ «ከ0.3 ጋር እኩል ነው?» ብትለው አይደለም ይልሃል። ለሒሳብ ሠራተኛ ይህ አይሆንም። እህቴ፣ ብሩን በሳንቲም ቆጥረሽ በሙሉ ቁጥር ያዢው፤ 45 ብር ከ75 ሳንቲም 4575 ይሆናል። ጣሪያውን ግን እወቂ፦ በዛሬ ኮምፒውተሮች ኢንት አብዛኛውን ጊዜ 32 ቢት ስለሆነ ከ2,147,483,647 በላይ አይዝም። ይህ በሳንቲም ሲታሰብ 21 ሚሊዮን ተኩል ብር እንኳ አይሞላም። የኩንታሉ ዋጋ 11,000 ብር ቢሆን 2,000 ኩንታል ያልፈዋል፤ ያኔ ድምሩ ብዙውን ጊዜ ኔጋቲቭ ሆኖ ይመጣል። ጠቅላላ ድምሩን ሎንግ ሎንግ (long long፣ ከኢንት እጅግ የሚበልጥ ሙሉ ቁጥር የሚይዝ) አድርጊው።

የብቸናዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ መምህር። አሁን «2 ኩንታል ከ50 ኪሎ» ብሎ አወጣልኝ። ድምሩን ሎንግ ሎንግ አድርጌ ዋጋውና ብዛቱ ኢንት ሆነው ቢቀሩ ችግር አለው?

መምህር ከደብረ ማርቆስ፦
አለው፤ ልክ እንደ ማካፈሉ ነው። ሁለት ኢንቶች ሲባዙ ስሌቱ መጀመሪያ በኢንት ይሠራል፤ እዚያ ከተበላሸ በኋላ ሎንግ ሎንግ ውስጥ መግባቱ አያድነውም። ከሁለቱ አንዱን፣ ዋጋውን ብትመርጪ ይሻላል፣ ከመባዛቱ በፊት ሎንግ ሎንግ አድርጊ።