ድራሜና ኮምፒውተሬ አልግባባ አሉ

ሰላም ወገኖች፣ እስቲ እርዱኝ። ቤት ውስጥ በኤሌክትሮኒክ ድራም ሙዚቃ እየቀዳሁ ነው። ሚዲውን (የምቶቼን መረጃ የሚያስተላልፈውን ምልክት) በዩኤስቢ ወደ ኮምፒውተሬ አስገብቼ የሶፍትዌሩን ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ እሰማለሁ። ግን ዱላዬ ስኔር የሚባለውን ከበሮ ከነካ በኋላ ዘግይቶ ነው ድምፁ የሚመጣው። በፈሩን (ኮምፒውተሩ ድምፁን ከማሰማቱ በፊት የሚያጠራቅመውን የናሙና ብዛት) 512 ላይ ሳደርገው፣ በ44.1 ኪሎኸርትዝ የናሙና ፍጥነት እሱ ብቻውን 12 ሚሊሰከንድ ገደማ ያዘገያል። ወደ 128 ሳወርደው ደግሞ ሲምባሎቹን (ሳህን መሳዮቹን) ደራርቤ ስመታ ድምፁ ይንጣጣል።

የድራሙን የራሱን ድምፅ እየሰማሁ ሚዲውን ብቻ ስቀዳ ምቱ ተስተካከለልኝ። ሃይሃቱ (በእግር ፔዳል የሚከፈትና የሚዘጋው ጥንድ ሲምባል) ግን አስቸገረኝ። ፔዳሉን ግማሽ ድረስ ስረግጠው ሶፍትዌሩ ሙሉ በሙሉ እንደተከፈተ አድርጎ ያሰማዋል። የግሩቩ (የምቱ ስሜት) ነፍስ ያለው እዚያ ላይ ስለሆነ ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም። የፔዳሉን ሲሲ 4 (ፔዳሉ ምን ያህል እንደተረገጠ የሚናገረውን የሚዲ መልእክት) የማስተካክለው ድራሙ ላይ ነው ወይስ ሶፍትዌሩ ውስጥ? ይህ የገጠመው ካለ እባካችሁ ይንገረኝ።